እንደገና ይጠይቁኝ

«ሳቅ በይ» አለችኝ አክስቴ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አጠገቤ ተጣብቃ ተቀምጣ በክርኗ ትጎሽመኛለች። «ዶክተሯ ፊቱ የጠቆረ ሰው አትወድም አሉ። የባለፈውን ሰውዬ የመለሰችው ፊቱን አይታ ነው።»

«የምትወስደው ኩላሊት ነው ፊት?» አልኳት።

«ይኸው! ይኸውልሽ! እንዲህ ያለውን ነገር ነው እዚያ ውስጥ የማትናገሪው።»

አክስቴን ቤት ውስጥ «ራዲዮኗ» ነው የምንላት። ከመኪናው ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ እስክንቀመጥ ስታስጠናኝ ነው የመጣችው። ዶክተሯ «ለምን ትሰጪዋለሽ?» ስትለኝ «ወንድሜ ዓይኔ ነው» እንድል። «ያስገደደሽ ሰው አለ?» ስትለኝ «ኧረ ማንም፣ እኔው ነኝ ለምኜ የመጣሁት» እንድል። እንባ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ ባይመጣም ዓይኔን ጠረግ ጠረግ እንዳደርግ። እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ፤ ሰውን ለፈተና ማዘጋጀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አክስቴ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረችም። ተማሪዋን ከፈተናው በላይ ታስፈራዋለች።

እማዬ ከሷ ወዲያ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ተቀምጣለች። የምትለውን ቀድማ ብላዋለች። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ወንድምሽ እየሞተ ነው። የሚገጥመው ያንቺ ብቻ ነው። ባትሰጪው ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ» ብላኝ ሄዳለች።

የወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በእጥበት ነው የሚኖረው። አሁን ደግሞ መርፌው የሚገባበት ደም ሥር እያለቀበት ነው። እማዬ ስኳር አለባት፣ መስጠት አትችልም። የሚስቱ ደም አልገጠመም። ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። ከዘመድ አዝማድ ሁሉ ተመርምሮ የገጠመው የኔ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔን እንግዲህ በቁሜ ሊወርሰኝ ነው።

እማዬ የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ እሷ ጡቷን ከመጥራቷ በፊት እኔ ወስኜ ነበር። ውጤቱ በስልክ የተነገረኝ ተማሪ ይዤ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። ተማሪዬ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከመንዳቱ ይልቅ ወሬው ይቀናዋል። እግረኛ ማቋረጫ ጋ ስንደርስ አቁሞ፣ የሚሻገሩትን እያየ «እኔ የምልሽ፣ የሚሻገረው የቤት አከራዬ ቢሆንስ?» አለኝ።

«ፍሬኑን ትረግጣለህ» አልኩት። «ከዚያ መስኮቱን ትከፍትና ትሰድበዋለህ።»

እሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የተናገርኩት ለራሴ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እዚያው መኪናው ውስጥ «እሰጣለሁ» አልኩ በሆዴ። ደስታ የለ፣ እንባ የለ። ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ የያዘ ሰው እንኳ ከኔ የተሻለ ስሜት ይኖረዋል። ግን የራሴ ውሳኔ ነበር።

ከዚያ እማዬ መጣችና ርግማኗን ከላዩ ጫነችበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተምታታብኝ። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪውም በኩል ፍሬን አለው። ተማሪው ሲረግጥ እኔም ከረገጥኩ መኪናው ይቆማል፤ ማን እንዳቆመው ግን ተማሪው አያውቅም፣ አንዳንዴ እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው በመጨረሻው ትምህርት እግሬን ከፔዳሉ ላይ አንስቼ፣ ተማሪው እያየኝ፣ ወንበሩ ሥር አጥፌ የምቀመጠው። «በል፣ አሁን ያንተ ነው» እለዋለሁ። ስንቱ ጎበዝ የመሰለኝ እዚያ ላይ ላብ በላብ ሆኗል። እማዬ ግን በኔ ፍሬን ላይ በሁለት እግሯ ነው የቆመችው። እኔው ነኝ የምሰጠው ወይስ እሷ ናት የምታሰጠኝ? እላለሁ። ይህ ደግሞ ከኩላሊቱ በላይ አንገበገበኝ።

ወንድሜን አልወደውም። ይህን ለመናገር አላፍርም። ባል የነበረኝ ጊዜ ነው፤ እጁ የማያርፍ ባል። አንድ እሁድ በጠራራ ፀሐይ፣ ከንፈሬ ተሰንጥቆ፣ ልብሴ ተቀዶ ወንድሜ ቤት ሮጥኩ። ወንድም ጋሼ በር ከፈተ፣ አየኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሐኪም ቤት የሚወስደኝ መስሎኝ ገባሁ። የወሰደኝ ወደ ባሌ ነው። «ትዳር ነው፤ ይጋጫል፣ ይታረቃል» እያለኝ ነዳ። አስገብቶኝ በሩ እስኪዘጋ ቆሞ ጠበቀ። የመኪናው ሞተር ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሆድ ይፍጀው። ከዚያ ቤት በመጨረሻ በራሴ እግር ስወጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መንዳት መማር ነበር፤ ዳግመኛ ማንም ወዴትም እንዳይወስደኝ።

ስለዚያ እሁድ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ረስቶት ይሆን ወይስ አፍሮ ዝም ብሎ ይሆን፣ እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ። አክስቴ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ፈረስ ውድድር የምታስገባ ትመስል ነበር።

ዶክተሯ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። በሩን ራሷ ዘጋችው፣ መዘጋቱንም ገፋ አድርጋ አረጋገጠች። ከጠረጴዛዋ ኋላ አልተቀመጠችም፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ መጣች።

«እዚህ የሚያወሩት ነገር ከዚህ አይወጣም» አለችኝ። «ለእናትዎም፣ ለወንድምዎም አይነገርም። ኩላሊትዎን ለወንድምዎ መስጠት ይፈልጋሉ?»

አክስቴ ያስጠናችኝ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ውሸት የማልችልበት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ተማሪዎቼ ለፈታኞች ስንቱን ቀጥፌያለሁ። ግን ይቺ ሴትዮ ሆዴን ልታስከፍት ነው። ከመከፈቱ በፊት ውስጡ ያለውን ብታውቅ ይሻላል አልኩ።

«አልፈልግም» አልኳት።

አንገቷን ቀና አደረገች።

«አልፈልግም፤ ግን እሰጣለሁ።»

«ወንድምዎን ይወዷቸዋል?»

«አልወደውም።»

«ጫና ያደረገብዎት ሰው አለ?»

«እናቴ በጡቷ ረግማኛለች» አልኩ። «አክስቴ ደግሞ እንዴት እንደማለቅስ ከጠዋት ጀምሮ ስታሳየኝ ነው የዋለችው።»

አልሳቀችም። «እንግዲያው ከእርስዎ መውሰድ አልችልም» አለችኝ። «እኛ ከሰው የምንወስደው በፈቃዱ የሰጠንን ብቻ ነው። አያስቡ፤ ማንም አይቀየምዎትም። እወጣና ‘ለመለገስ አይሆኑም’ እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨምርም። ለማንም ምክንያት አንሰጥም፤ አሠራራችን ነው። እነሱ ምርመራው ያሳየው ነገር አለ ብለው ያስባሉ።»

«ወንድሜስ?»

«ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«አለ ሌላ ሰው?»

መነጽሯን አወለቀች። «እስካሁን የለም። ብዙ ጊዜም የላቸውም። አልዋሽዎትም።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ‘ቆይ፣ ውሳኔው የኔ ነው፣ እናቴ የደረሰችው በኋላ ነው’ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ጉልበቴ ድረስ ሞቀኝ። ተረፍኩ! ሆዴ ሳይቀደድ፣ የእናቴ ርግማን ሳይደርስብኝ፣ ሰው ሳይታዘበኝ ተረፍኩ።

ተከትያት ወጣሁ። ዶክተሯ እንዳለችው አንዲት ቃል ብቻ ተናግራ ተመለሰች።

አክስቴ እሪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ድምፅዋ ጠፋ። ራዲዮኗ ስትዘጋ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እማዬ ግን ግድግዳውን ይዛ ተነስታ ወደኔ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የምትወቅሰኝ መስሎኝ ጠንክሬ ቆምኩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «ያን ክፉ ቃል ተናግሬሽ። ቃሌን አንስቻለሁ። ጡቴ ይመርቅሽ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ እንደ እህት መጥተሻል፤ እምቢ ያለው ፈጣሪ ነው።»

አክስቴም አፍንጫዋን እየጠረገች «የምትችዪውን አድርገሻል» አለች። ትከሻዬን ዳሰሰች። በዕድሜዬ ሙሉ ስላደረግኩት ነገር ያላገኘሁትን ምስጋና ስላላደረግኩት ነገር አገኘሁት።

«ገብተሽ እዪው» አለች እማዬ። «እንዳይከፋው፣ ያንቺ ጥፋት አለመሆኑን አንቺው ንገሪው።»

ወንድሜ እጥበት ላይ ነበር። በመስኮቱ ጥግ ያለው አልጋ የሱ ነው። ክንዱ ላይ ሁለት ቱቦ ተሰክቷል፤ በአንዱ ደሙ ይወጣል፣ በአንዱ ይመለሳል። ድሮ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል፣ ትከሻው ደጃፍ የሚሞላ ሰው ነበር። አሁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። አንጀቴን በላው። እውነቱን ለመናገር በላው። አንጀት ግን ተበልቶ ሲያበቃ ያው የበፊቱ አንጀት ነው።

«ሰማሁ» አለኝ። «ነርሷ ነገረችኝ። ተይው፣ ያንቺ ነገር ድሮም ከኔ አይገጥም።» ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱን አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። ‘ያን እሁድ’ ብሎ ቢጀምር፣ መጨረስ እንኳ አይጠበቅበትም ነበር፤ እንባዬን እያፈሰስኩ ወደ ዶክተሯ እሮጥ ነበር። ያኔ እሷም ደስ ይላት ነበር፣ አክስቴም ጥናቷ ፍሬ አፈራ ትል ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ማሽኑ ይዞራል፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

«አንድ ነገር ልልሽ» አለኝ።

ጠጋ አልኩት። «በል።»

«መኪናዬን ውሰጃት። እናታቸው አትነዳ፣ ልጆቹ ገና ናቸው። ቆማ ከምትበሰብስ አስተምሪባት። ጥሩ መኪና ናት። ስንቱን ሰው ካሰበበት አድርሼባታለሁ መሰለሽ።»

«እኔንም አድርሰኸኛል» አልኩት።

ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠበቅኩ። እሱም አየኝ። ፊቱ ፈካ አለ።

«ስንቴ!» አለኝ። «ስንቴ አድርሼሻለሁ!»

አልሸሸገኝም፤ ጭራሽ ረስቶታል። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። አፍሮ ዝም ቢል በስንት ጣዕሙ! እኔ ስንት ዓመት በአእምሮዬ ሳመላልሳት የኖርኩት መንገድ እሱ ዘንድ ሰው ያደረሰባት አንዲት ቀን ናት፣ ያውም ደግነት። ብድግ አልኩ። ተማሪ ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። የሚጠብቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ወዳቆምኳት የማስተማሪያ መኪናዬ ሄጄ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ልማድ ሆኖብኝ የተቀመጥኩት በአስተማሪው በኩል ነው። ከመሪው ኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነው። «ይሙት» አልኩ ጮክ ብዬ። የሰማኝ የለም። «ይሙታ! እኔ ምን አገባኝ!»

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። እማዬ ቃሏን አንስታለች። አክስቴ ዘግታለች። ዶክተሯ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታልኛለች። እሱ ራሱ ‘ተይው’ ብሎኛል። የሚገፋኝ ሰው የለም፤ የሚስበኝም የለም። በልቤ ቅንጣት ፍቅር ብፈልግ ያገኘሁት ንዴት ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ብሄድ እስክሞት ድረስ ‘ጎበዝ እህት፣ ሳይሆንላት ቀረ እንጂ’ እየተባልኩ እኖራለሁ። ሁሉም ሰው እግሩን አጥፎ ወንበሩ ሥር ከቶ እኔን ያያል።

ሰውዬው ደግሞ እንደዚያ የቤት አከራይ መንገዱ መሃል ነው። እየተሻገረ ነው።

ወንድሜ መሆኑን ትቼ አሰብኩት። የማላውቀው ሰው ቢሆን እረግጥ ነበር ወይ? ምናልባት አልረግጥም፤ ለሁሉም ሰው ፍሬን እረግጣለሁ ማለት አልችልም። ግን እዚህ መንገድ ላይ ፍሬን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ስለማልወደው ዝም ብዬ ባልፍ፣ ያን እሁድ በሩ እስኪዘጋ ቆሞ የጠበቀው ሰው እኔ ልሆን ነው። እሱን መሆን አልፈልግም። በዓለም ላይ የማልፈልገው አንድ ነገር ቢኖር እሱን መሆን ነው።

መኪናውን ቆልፌ ተመለስኩ። ደረጃውን የወጣሁት የእጅ መደገፊያውን ይዤ ነው።

«ምን ረሳሽ?» አለችኝ አክስቴ ኮሪደሩ ላይ።

«ቁልፍ» አልኳት። ቁልፉ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ይንሿሿል።

ዶክተሯ ብቻዋን ነበረች። በሩን እኔው ዘጋሁት፣ ገፋ አድርጌም አየሁት።

«እንደገና ይጠይቁኝ» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን ስባ እንደ ቅድሙ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «መስጠት ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

«ወንድምዎን…»

«ከቅድሙ ይልቅ ጠልቼዋለሁ። ገብቼ አይቼው ነው የመጣሁት።»

«ማን አስገደደዎት?»

«ቅድም እናቴ ብዬዎት ነበር። አሁን እናቴ ይቅርታ ጠይቃኛለች። ለምን እንደተመለስኩ የሚያውቅ ሰው የለም። ብሄድ የሚጠይቀኝ የለም። እርስዎ ራስዎ አይደሉ የለቀቁኝ?»

«እርስዎን ማዳኔ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይለቁኝ ኖሮ ውሳኔው የኔ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ግን እንዴት ነው፣» አለች፤ አሁን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ሰው ነው የጠየቀችኝ፤ «ሰው የማይፈልገውን በፈቃዱ ያደርጋል?»

«ዶክተር፣ እርስዎ ጠዋት ለበሽተኛ የሚነሱት ሁልጊዜ እየፈለጉ ነው?»

ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣና ጠፋ። «ይቆጭዎታል ብዬ እፈራለሁ።»

«ይቆጨኛል» አልኳት። «ብተወውም ይቆጨኛል። የቱ እንደሚቆጨኝ ግን እኔ ልምረጥ።»

ተነሳች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ በማንኛውም ሰዓት ‘ተውኩት’ ማለት እንደምችል፣ ምክንያት ሳትጠይቀኝ እንደምታሰናብተኝ፣ እስከዚያው ደጋግማ እንደምትጠይቀኝ ነገረችኝ። ለቤተሰቡ ደግሞ «ጉዳዩ እንደገና ታይቷል» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምርም።

«ደስ ብሎዎት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አለችኝ በሩ ላይ።

«እኔም ደስ ይለኝ ነበር» አልኳት።

ለእማዬ ከመናገሬ በፊት ወደ ወንድሜ ገባሁ። አሁንም ጣሪያውን ያያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሆናል ተብሏል» አልኩት። «እሰጥሃለሁ።»

ነፃ የሆነውን እጁን ዘረጋልኝ። አልያዝኩትም።

«መጀመሪያ ስማኝ» አልኩት። ከዚያ ለተማሪዬ እንዳልኩት መስኮቱን ከፈትኩት። የዚያን እሁድ ነገር ከበሩ ጀምሬ ነገርኩት፤ ከንፈሬን፣ ቁልፉን፣ ‘ይጋጫል፣ ይታረቃል’ ያለውን፣ በሩ እስኪዘጋ መጠበቁን። ከተዘጋ በኋላ የሆነውንም፣ ለማንም ያልነገርኩትን፣ ነገርኩት። አልጮህኩም። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የወንድሜ እጅ እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ፤ በኋላ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ።

«ረስቼው ነበር» አለኝ፤ ድምፁ አይሰማም።

«አውቃለሁ።»

ራሱን ትራሱ ላይ ወደኔ አዞረ።

«እና… ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«አላልኩህም» አልኩት። «እሰጥሃለሁ ነው ያልኩህ።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። «ታዲያ እኔ ምን ልበልሽ? ምን ይባላል?»

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁና ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን እጥበቱ ገና አላለቀለትም ነበር፤ ብቻውን ትቼው መሄድ አልፈለግኩም፣ ማጽናናትም አልፈለግኩም።

«ጊዜ ይኖርሃል» አልኩት። «አስብበት።»